ማዕበሉ የሚያስመልሰው

ጥቅምት 4፣ ሰኞ

ዛሬ ጠዋት አለቃችን በሬዲዮ ተናገረ። እዚህ ደብተር ውስጥ "መድረክ" ነው የምለው፤ ዓሣ ያለ ውኃ እንደማይኖር እሱም ያለ መድረክ አይኖርም። "ውድ አድማጮቼ፣ ማዕበሉ ባሕር ውስጥ የጣልነውን ፕላስቲክ በአየር ላይ እየመለሰልን ነው" አለ፣ ሐዘን የሚያረዳ ሰው ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ጋዜጠኛዋ "ወይ ጉድ!" አለች። እኔ ቁርሴን እየበላሁ "አይመልስልንም፣ ያስመልሰዋል እንጂ" አልኩ። የሰማኝ የለም። ቤቱ ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም የለም።

ያንን ፕላስቲክ የቆጠርኩት እኔ ነኝ፣ አንገቴ እስኪደርቅ ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቼ። መድረክ ማይክሮስኮፑ አጠገብ የሚቆመው ፎቶ ሲነሳ ብቻ ነው፤ ያውም በተሳሳተው በኩል።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ስጽፈው ንዴቴ ይረጋልኛል። ማዕበል ሲመጣ ሞገዱ ይሰበራል፣ ይፈላል፣ አረፋ ይሆናል። አረፋው ሲፈነዳ ለዓይን የማይታዩ ጠብታዎች ወደ ላይ ይረጫሉ። ጠብታዎቹ ባሕሩ ውስጥ ሲፈጭ የኖረውን ደቃቅ ፕላስቲክ ይዘው ይነሳሉ። ንፋሱ ይሸከመዋል፣ ዝናቡ ደግሞ መልሶ ያወርደዋል፤ ባሕር ላይ፣ ጣሪያ ላይ፣ የሰው ሳንባ ውስጥ። እኛ የምርምር ጣቢያችን ጣሪያ ላይ አየር የሚስብ ፓምፕ ተክለናል። አየሩ በማጣሪያ ያልፋል፤ ማጣሪያው ላይ የቀረውን እኔ እቆጥራለሁ። ባለፈው ማዕበል የቀረው ባሕሩ ጸጥ ባለበት ቀን ከሚቀረው ብዙ እጥፍ ነበር። ይኸው ነው፣ አንድ ማዕበል። የእኛ ሰው ግን አንድ ደመና አይቶ ጎርፍ ወሰደኝ ባይ ነው።

ጥቅምት 7፣ ሐሙስ

ጥጢት አዋረደችኝ።

ጥጢት የምላት በቅርቡ ተምራ የመጣችውን ወጣት ባልደረባችንን ነው። ላቦራቶሪ የሚገባ ሁሉ ከጥጥ በቀር እንዳይለብስ አዛለች። በር ላይ ቆማ የሰው እጅጌ ትዳስሳለች።

"ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ካልሲዎ ናይለን ነው?"

"ካልሲዬ የግሌ ነው።"

"ክሩ ግን የጋራችን ይሆናል።"

ይህን የመሰለ ምላስ ማን እንዳስተማራት አላውቅም። ዛሬ ደግሞ ጣሪያው ላይ ይዛኝ ወጣችና በጣቷ አሳየችኝ። ከጣቢያችን ጎን በግንባታ ላይ ያለ ሕንፃ አለ፤ ከላይ እስከ ታች በሰማያዊ የፕላስቲክ ሸራ ተሸፍኗል። የሸራው ጠርዝ ተተልትሎ በንፋሱ ይርገበገባል።

"ማጣሪያው ላይ ካየናቸው ክሮች ብዙዎቹ ሰማያዊ ናቸው፣ ዶክተር።"

"አይቼዋለሁ" አልኳት።

አላየሁትም ነበር። በየቀኑ ነው እዚያ የምወጣው።

ለመድረክ ነገርኩት። "ይሄ ዝርዝር ጉዳይ ነው" አለ። ሬዲዮ ላይ ከተናገረው በኋላ እውነት ራሱ ዝርዝር ጉዳይ ሆኖበታል። የኅዳሩ ጉባኤ ግን ቀርቧል፣ ከየሀገሩ ሰው ይመጣል፤ እዚያ አንዱ ተነስቶ ስለ ሸራው ቢጠይቀው? ይህን ስለው ትንሽ አላበው። ደስ አለኝ።

ጥጢት መላ አምጥታለች። ከወደቡ ወዲያ ባሕሩ መሐል ራቁቷን የተቀመጠች ድንጋይ አለች፣ "ራሰ በራዋ" እንላታለን። ከአሮጌ የመብራት ማማ በቀር ምንም የላትም፤ መኪና የለ፣ ሸራ የለ፣ ካልሲ የለ። ንፋሱ ከባሕር ሲነፍስ እዚያ የሚገኘው ፕላስቲክ ከባሕር እንጂ ከከተማ አይመጣም። ጥሩ ሐሳብ ነው። ጥሩ ነው አላልኳትም።

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

እህቴ ደወለች። ታላቄ ናት፣ ስለዚህ ጠያቂዋ እሷ ናት።

"ወደ ድንጋይዋ በማን ጀልባ ልትሄጂ ነው?"

"በጣቢያው ጀልባ።"

"የጣቢያውን ጀልባ ማን ነው የሚነዳው?"

"እያወቅሽ ለምን ትጠይቂኛለሽ፣ እትዬ?"

"ከአፍሽ ልስማው ብዬ።"

የሚነዳው ካፒቴኑ ነው። ካፒቴኑ የቀድሞ ባሌ ነው። ይኸው፣ ጻፍኩት። የተፋታነው ሳንካሰስ፣ ሳንጯጯህ ነው። ሰው ሁሉ "እንደ እናንተ ያለ ፍቺ አይተን አናውቅም" ይለናል፣ ሽልማት ያለው ይመስል። በምን እንደተለያየን እህቴ እስከ ዛሬ አልገባትም። ለእኔ ግልጽ ነው፤ ሰውየው በምንም ነገር አይቸኩልም። ቤት ቢቃጠል መጀመሪያ የጫማውን ማሰሪያ ነው የሚያስረው።

"ያን ወፍራም ሹራቡን አሁንም ይለብሳል?"

"እኔ ምን አውቄ!"

ይለብሳል። ክርኑ ላይ ተቀዷል። የሚጥፍለት ሰው የለውም ማለት ነው።

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ

ፓምፑን ራሰ በራዋ ላይ ተከልነው፣ ማማው ሥር፣ ከነባትሪው። ባሕሩ ጠግቦ የተኛ ሕፃን ይመስል ነበር። መድረክ ወደቡ ድረስ መጥቶ የመንሳፈፊያ ጃኬት ለብሶ ፎቶ ተነሳ፣ ከዚያ አውልቆ ወደ ቢሮው ሄደ። አልሰመጠም።

ካፒቴኑ እንደ ልማዱ ገመዱን ሦስቴ ፈትሾ ነው የተነሳው። "ዛሬ እንደርሳለን ወይስ ነገ?" አልኩት። "ባሕሩ የትም አይሄድም" አለኝ። ይሄን መልስ በትዳር ዘመናችን ሁሉ ሰምቼዋለሁ፤ ያን ጊዜ የትም የማይሄደው ገበያው ነበር፣ ወይ እንግዳው፣ ወይ እኔ።

ስንመለስ ቁርጡን ነገረን። "ሰማዩ ሳይጠቁር ጥሩኝ፣ በፈለጋችሁት ሰዓት እወስዳችኋለሁ። ከጠቆረ በኋላ ግን አልንቀሳቀስም።"

"ማዕበል ልናጠና ነው እኮ የምንሄደው፤ ሽርሽር መሰለህ?"

"ማዕበሉን ፓምፑ ያጥናው። ሰው ለምን ያጠናዋል?"

በኋላ እኔ ዕቃ ሳስተካክል ለጥጢት ዝቅ ባለ ድምፅ ሲያወራት ሰማሁ። "ስትሳደብ አትፍሪያት። ስትሳደብ ደህና ናት ማለት ነው።" ጥጢት ሳቀች። ስለ ማን እንደሆነ አላውቅም።

ጥቅምት 20፣ ረቡዕ

ትንበያው ወጣ። ትልቅ ማዕበል፣ ቅዳሜ ይገባል። ራሰ በራዋ ላይ ያለው ማጣሪያ ጨው ደፍኖታል፣ ፓምፑ አየር መሳብ አቅቶታል። ሳይቀየር ማዕበሉ ከመጣ ሁሉም ነገር ከንቱ። መድረክ በየኮሪደሩ "ታሪካዊ ዕድል፣ ታሪካዊ ዕድል" እያለ ይዞራል። ራሴን አሞኛል።

ጥቅምት 21፣ ሐሙስ

ስብሰባ ነበር። መድረክ፣ እኔ፣ ጥጢት፣ ካፒቴኑ፣ ከሂሳብ ክፍል የመጡ ሁለት ሰዎች፤ ለምን እንደመጡ አልገባኝም።

መድረክ "ነገ ጠዋት ማጣሪያው መቀየር አለበት" አለ።

ካፒቴኑ መስኮቱን አየ። "ሰማዩ ጠቁሯል፣ ጌታዬ። ትንበያው ቅዳሜ ይላል፤ ሰማዩ ግን ነገ ነው የሚለው። አልሄድም።"

መድረክ ስለ ሳይንስና ስለ ሀገር ክብር አንድ ነገር ተናገረ። ካፒቴኑ ዓይኑን ከመስኮቱ አላነሳም። እኔ ዝም ማለት እችል ነበር።

"ከመቼ ወዲህ ነው ንፋስ የምትፈራው?" አልኩት። "ወይስ ዕድሜው ነው? ካልሆነ አንድ ጎረምሳ እንፈልግ።"

የሂሳብ ክፍሎቹ ሳቁ። መድረክም ሳቀ። ጥጢት ቀና ብላ አየችኝ፣ አልሳቀችም። እሱ ኮፍያውን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ውስጡን ተመለከተ፣ የጠፋው ዕቃ እዚያ ያለ ይመስል።

"እሺ" አለ። "በጠዋት እወጣለሁ። እሷን ግን አልወስድም።"

"ለምን?" አልኩ። በሰው ፊት!

"ሁለታችንም ከጠፋን ማን ይሳደባል?"

ጥጢት "እኔ እሄዳለሁ" አለች። መድረክ መሄጃ ፈቃዱ ላይ እዚያው ፈረመ።

ካፒቴኑ ከሥራዬ አገለለኝ፣ በሰው ፊት። ንቀት ማለት ይሄ ነው። ሌላ ምን ትርጉም አለው?

ጥቅምት 22፣ ዓርብ

ጠዋት። ወጡ። ሰማዩ አመድ መስሏል። መድረክ ከመስኮቱ ሆኖ እጁን አወዛወዘላቸው።

ረፋድ። ደረሱ። የጥጢት ድምፅ በመገናኛ ሬዲዮው፦ "ማጣሪያውን ቀይረናል፣ ፓምፑ እየሠራ ነው።" ጎበዝ። አሁን ተመለሱ።

ከቀትር በፊት። ማዕበሉ ትንበያ አይሰማም። መጣ። ቅዳሜ የተባለው ዛሬ መጣ። የጣቢያው በሮች ብቻቸውን ይንኳኳሉ፤ ሸራው ከጎረቤት ሕንፃ ተገንጥሎ ሄደ።

ቀትር። ካፒቴኑ በመገናኛው፦ "ገመዱ ተበጥሷል። ጀልባዋ ከድንጋዩ ተጋጭታ ተሰብራለች። ማማው ውስጥ ነን፣ ልጅቷ ደህና ናት። እኔን እግሬን ትንሽ ነካ አድርጎኛል።" ትንሽ አለ። ይሄ ሰው ጥርሱ ያለ ማደንዘዣ ሲነቀል ምንም ያላለ ነው። "ትንሽ" ካለ ብዙ ነው።

መድረክ ከኋላዬ መጥቶ "ፓምፑስ? ፓምፑ ይሠራል ወይ በያቸው" አለኝ። የሻይ ብርጭቆዬ ከእጄ ወደቀ። ጫማው አጠገብ ተሰባበረ። ወደቀ ነው ያልኩት።

ከሰዓት። መገናኛው ጸጥ አለ። የወደቡ ነፍስ አድን ሠራተኞች ንፋሱ ካልበረደ አንወጣም አሉ። ፈሪዎች አልኳቸው። ከዚያ አፌን በእጄ ያዝኩት።

የፈረመው መድረክ ነው። እኔ አልፈረምኩም። እኔ የተናገርኩት ቀልድ ነው፤ ሰው በቀልድ ጀልባ አያስነሳም።

ጥቅምት 23፣ ቅዳሜ

አልበረደም። መገናኛው እንደ ተዘጋ ነው።

ጣሪያው ላይ እየወጣሁ ማጣሪያ እቀይራለሁ። ወገቤን በገመድ ከብረቱ ጋር አስሬያለሁ። ዝናቡ ጨው ጨው ይላል፤ ጣሪያ ላይ ሆነን እንኳ የምንውጠው ውኃ ባሕሩ ራሱ ነው። አሁን በአፌ የገባው ውስጥ ስንት ይኖር ይሆን? ከጠርሙስ የተፋቀ፣ ከመረብ የተቆረጠ፣ ከሰው ልብስ የታጠበ። ሁላችንም ባሕሩን ቆሻሻ መጣያ አድርገን "ሄደ፣ ተገላገልነው" ብለን እጃችንን አራገፍን። የት ሄደ? የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል፤ እኛ ደግሞ ቆመን ጉባኤ እናዘጋጃለን።

መድረክ ለጋዜጠኞች "ባልደረቦቻችን በጀግንነት ናሙና እየሰበሰቡ ነው" ብሏል። ይሄኔ የት እንዳሉ አያውቅም፣ በሕይወት መኖራቸውንም።

እህቴ በዚያ ዝናብ መጣች። እንድትወቅሰኝ ፈልጌ ነበር። ደረቅ ካልሲ ሰጠችኝና አጠገቤ ተቀመጠች። በመጨረሻ እኔው ራሴ "እኔ አልላክሁትም" አልኩ።

"ማን ላክሽው አለ?" አለችኝ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። እኔ የፈራሁት ነገር አልነበረም። ምንም አልፈራሁም። ካልሲውን ገልብጬ ያጠለቅሁት በብርዱ ነው።

ጥቅምት 24፣ እሑድ

በሕይወት አሉ።

ነፍስ አድኖቹ ጎህ ሲቀድ ወጡ፤ ፈሪዎች ያልኳቸው። ራሰ በራዋ ላይ መብራት አይተው ነው ያገኟቸው። ወደቡ ላይ ቆሜ ነበር። ካፒቴኑን በቃሬዛ አወረዱት፤ ፊቱ የአመድ ክምር መስሏል። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ሁለት ቦታ ተሰብሯል፤ በብረት ዘንጎች ተደግፎ ታስሯል። ዘንጎቹን አወቅኋቸው። የፓምፑ እግሮች ናቸው።

ጥጢት ነገረችን። ድምፅዋ አልቋል። ገመዱን ሊያጠብቅ ሲወርድ ሞገድ አንስቶ አላተመው። እየጎተተች ማማው ውስጥ አስገባችው። ውኃው የመገናኛውን ሬዲዮ ይዞት ሄደ። ማታ ነፍስ አድኖቹ ሳያዩአቸው እንዳያልፉ ብላ ፓምፑን ነቅላ ባትሪውን ከአሮጌው መብራት ጋር አገናኘችው።

"ባትሪውን?" አለ መድረክ። "የፓምፑን ባትሪ? ማዕበሉ ሊያይል ሲል?"

ጥጢት መሬት ላይ ተቀመጠች። ከጉያዋ ቆርቆሮ ሳጥን አወጣች፤ ፓምፑ እስኪነቀል ድረስ የሠራበት ማጣሪያ ነው። አንድም ጠብታ አልነካውም።

ካፖርቴን አውልቄ ደረብኩላት። "ጥጥ አይደለም" አልኳት። ያኔ ነው ያለቀሰችው።

ካፒቴኑን በመኪና ሲጭኑት አጠገቡ ሄድኩ። ብዙ ነገር ልለው ነበር። "ጀልባዋን ሰበርካት" አልኩት። ዓይኑን ጨፍኖ "ሰበርኳት" አለ። በሩን ዘጉት።

ጥቅምት 27፣ ረቡዕ

የራሰ በራዋን ማጣሪያ አየነው። ጥጢት ለብቻዋ ቆጠረች፣ እኔ ለብቻዬ ቆጠርኩ፣ ሳንነጋገር፤ ተቀራረብን። የማዕበሉ መጀመሪያ ብቻ ነው፣ ያም ሆኖ ባሕሩ በተኛበት ቀን ከቆጠርነው ስምንት እጥፍ። ሰማያዊ የሸራ ክር አንድም የለም። ንፋሱ በሙሉ ከባሕር ነበር። እውነት ነው እንግዲህ። ባሕሩ ወደ አየር ይተፋዋል፤ ማዕበል ሲሆን ደግሞ አብዝቶ ይተፋዋል።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ጥጢት እጄን ያዘችኝ፣ እኔም አላስለቀቅኋትም።

መድረክ ገባና "ቀሪውን በስሌት እንሙላው" አለ። "ፓምፑ ባይነቀል ኖሮ መስመሩ ወዴት እንደሚወጣ ይታወቃል። ማንም አይጠይቅም።"

"ያ ሰዓት እኮ ባትሪው ሰው ያዳነበት ሰዓት ነው። በምን ልትሞሉት ነው?"

"ስሜታዊ አትሁኚ።"

ስሜታዊ! ይሄ ቃል ለሴት ብቻ የተፈጠረ ይመስለዋል። እሱ ሬዲዮ ላይ ድምፁ ሲንቀጠቀጥ ሳይንስ ነው።

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ጉባኤው። ትልቅ አዳራሽ፣ ለስላሳ ወንበር፣ ፊታችን ለእያንዳንዱ ሰው የፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃ። አንድም ሰው አልሳቀም።

መድረክ መድረኩ ላይ ወጣ። መስመሩ ስክሪኑ ላይ ተዘረጋ፤ ወደ ላይ የሚወጣ፣ የሚያምር፣ ሙሉ። ግማሹ ፈጠራ። "ባልደረቦቼ ነፍሳቸውን አስይዘው ያመጡት" አለ፤ ነፍሳቸውንም ለጭብጨባ አዋለው።

ተነሳሁ። "የዚህ መስመር ሁለተኛው ግማሽ አልተለካም" አልኩ። "ፓምፑ በዚያ ሰዓት አይሠራም ነበር። ባትሪው የሁለት ሰው ሕይወት እያተረፈ ነበር።"

መድረክ ፈገግ አለ። "ባልደረባዬ ከመጠን በላይ ጥንቁቅ ናት።"

ከኋላ አንዲት አዛውንት ተመራማሪ ተነሱ። አላውቃቸውም። "የተለካው ግማሽስ ምን ይላል፣ ልጄ?"

ነገርኳቸው። ስምንት እጥፍ። አንድ ማዕበል፣ አንድ ድንጋይ። የጣሪያው ማጣሪያ ወደዚያው ያዘነብላል፣ ግን ሸራ ነበረብን፤ እሱንም ተናገርኩ፤ ሸራው ሦስት ዓመት ዓይኔ ሥር ሆኖ እንዳላየሁትም ተናገርኩ። "ሌላ ማዕበል ያስፈልገናል" አልኩ።

"እንግዲያው ለምን ጨመራችሁበት? ይሄ አይበቃም?" ብለው መድረክን ጠየቁት። ወረቀቶቹን ማገላበጥ ጀመረ። ከዚያ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ለመድረክ የቀረለት መድረክ ብቻ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ከማዕበሉ ጥናት እንደተነሳሁ ነገሩኝ። ወደ ደለል ናሙና ክፍል ተዛውሬያለሁ። ጭቃ ልቆጥር ነው። ጥጢት "እኔም ወደ ደለሉ አዛውሩኝ" ብላ አመለከተች። ሞኝ ናት። ጥሩ ማይክሮስኮፕ አንሥተን እንሄዳለን።

ኅዳር 6፣ ዓርብ

ካፒቴኑ ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ገብቷል። እህቴ "ደርቡሽ እንኳ ቢሆን ሲታመም ይጠየቃል" አለችኝ። ለመጠየቅ ብቻ ሄድኩ።

እግሩን ሁለት ወንበር ላይ ሰቅሎ ተቀምጧል። ቤቱ የተዘረፈ ይመስላል፤ ሳህን አልጋ ላይ፣ ጫማ መስኮት ላይ። ሾርባ ሠራሁለት። ቀመሰውና "ጨው በዛበት" አለ። "የባሕር ሰው አይደለህ እንዴ" አልኩት።

ስለ ጉባኤው ሰምቷል። ጥጢት ነግራዋለች፤ ይህቺ ልጅ ምላስዋ አያርፍም።

"ይቅርታ ልትጠይቂኝ ነው የመጣሽው?" አለኝ።

"ሾርባ ላበስል ነው የመጣሁት።"

"እኔ የሄድኩት ስለሰደብሽኝ አይደለም።"

"አውቃለሁ፣ የፈረመው እሱ ነው።"

"እሱም አይደለም።" ማንኪያውን አስቀመጠ። "እኔ ባልሄድ ማታውን ወደቡ ላይ የታሰረችውን የጣቢያውን ትንሽ ጀልባ ይዘሽ ብቻሽን ትወጪ ነበር። አውቅሻለሁ። ሐሙስ አመሻሹ ላይ ወደቡ ወርጄ ነዳጇን ስፈትሽ ሙሉ ነበረች። ያን ጀልባ ከአንቺ በቀር የሚሞላት የለም።"

ማንኪያውን አንስቼ ሾርባውን አማሰልኩ። ከስብሰባው ቀጥዬ ነው የሞላኋት። ለማንም አልተናገርኩም፣ እዚህ ደብተር ላይ እንኳ አልጻፍኩትም። ቢያመነታ፣ ጠዋት ቢቀር፣ እወጣ ነበር፤ ያቺ ቅርፊት የምታክል ጀልባ ደግሞ ራሰ በራዋን ሳታይ ትገለበጥ ነበር። ያን ሁሉ አስቦ፣ ኮፍያውን አንስቶ፣ "እሺ" አለ። በአንድ ደቂቃ። በምንም ነገር የማይቸኩለው ሰው።

ሹራቡን አስወልቄ ወሰድኩበት፤ ክርኑ ያስጠላል።

ሐኪሙ ብቻውን እንዳያድር ብሏል፤ ስለዚህ እዚህ ነኝ። የማድረው ሶፋው ላይ ነው። ሶፋው ወገብ ይቆርጣል፤ ድሮም ሶፋ መምረጥ አያውቅም። ይሄን የምጽፈው ወጥ ቤቱ ውስጥ፣ ያላጠባቸውን ሳህኖች ገፋ አድርጌ ነው።

"ምን እየጻፍሽ ነው?" ብሎ ከመኝታ ቤት ተጣራ።

"ስድብ!"

"ስለ እኔ?"

"ስለ ማን ይሆናል ታዲያ?"

"በርቺ፣ ገና ብዙ ይቀርሻል" አለኝ።